አንዱ ሸራ ሲያልቅ ሌላው ለምን ይተርፋል?

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ ስለ ጕድጓድ ውኃ አጠባበቅ ተነጋግረን ነበር። በዚህ ወር ደግሞ ስለ መኪና ፍሬን ልጽፍላችሁ አስቤአለሁ። ምናልባት ከእናንተ መካከል፤ «ይህ የኦርቶዶክሳውያን ቤተሰብ መጽሔት ነው፤ የጋራዥ ነገር እዚህ ምን አመጣው?» የሚል አይጠፋም ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ በየክብረ በዓሉ ወደ ደብሩ የምንሄደው፣ ልጆቻችንን ወደ ትምህርት ቤት የምንልከው፣ የታመመውን ወደ ሐኪም ቤት የምናደርሰው በመኪና ነው። ያለው በራሱ መኪና፣ የሌለው በኪራይ ይሄዳል። በቍልቍለት መንገድ ላይ የልጆቻችን ሕይወት በአንዲት ከጣት ውፍረት በማትበልጥ የፍሬን ሸራ ላይ መንጠልጠሉን ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገሩ የጋራዥ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብም ጉዳይ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። ባለፈው ኅዳር የቅዱስ ሚካኤልን በዓል ለማክበር ከዲላ ተነሥተን በቡሌ መንገድ ወደሚገኝ አንድ ደጋማ አጥቢያ ለመሄድ የሰንበቴ ማኅበርተኞች ሚኒባስ ተከራየን። ሕፃናትን ጨምሮ 13 ሰዎች ነበርን። ገና ጎሕ ሳይቀድ ሾፌሩ መጣ። ዕድሜው ከሃያ አምስት የማይበልጥ፣ ጨዋና ጠንቃቃ ልጅ ነው። ሰዎቹ እየተሳፈሩ ሳለ ወደ እኔ ቀርቦ፤ «መምህር፤ ከፊተኛው ቀኝ ጎማ በኩል የመፋቅ ድምፅ ይሰማኛል። ቢፈቅዱልኝ ጋራዥ እስኪከፈት ቆይተን ቢታይ ይሻላል» አለኝ።

የጉዞው ኀላፊ እኔ ነበርሁ። ሰዓቴን ተመለከትሁና፤ «ቅዳሴው ይደርስብናል፤ ሸራው በቅርቡ ተቀይሯል ብለኸኝ አልነበረምን? ስንመለስ ይታያል» ብዬ መለስሁለት። ልጁም ታላቁን መቃወም ነውር መስሎት ዝም አለ።

ስንወጣ ምንም አላገኘንም። ዳገት ፍሬንን አይፈትንምና። በዓሉን አክብረን፣ ጠበሉን ጠጥተን፣ ዝክሩን ቀምሰን ከቀትር በኋላ ቍልቍለቱን ጀመርን። ጥቂት እንደ ወረድን እንደ ተቃጠለ ቆዳ ያለ ሽታ መጣ። ቀጥሎ በአንድ ጠባብ ኵርባ ላይ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ መኪናው ወደ ግራ፣ ይኸውም ወደ ገደሉ በኩል ሳበ። ልጁ መሪውን አጥብቆ ይዞ ማርሹን ወደ ታች እየቀነሰ፣ መኪናውን በስተቀኝ ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር ቀስ ብሎ አስጠግቶ አቆመው። ማንም አልተጎዳም። አንዲት አረጋዊት እናት እልል ብለው፤ «ሚካኤል አወጣን!» አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። እኔም አሜን አልሁ፤ ነገር ግን ማለዳ ለልጁ የሰጠሁት መልስ በጆሮዬ ይጮኽ ነበር።

በማግስቱ ከሾፌሩ ጋር በዲላ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ሄድሁ። መካኒኩ በዕድሜ የገፉ፣ ሥራቸውን ከወጣትነታቸው ጀምሮ የያዙ ሰው ናቸው። መኪናውን በክሪክ አንሥተው ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ፈቱ። በግራው በኩል ያሉት ሁለት ሸራዎች እኩል፣ እስከ ግማሽ ድረስ አልቀዋል። በቀኙ በኩል ግን የውስጠኛው ሸራ ፈጽሞ አልቆ ብረቱ ዲስኩን እንደ ሞረድ ፍቆታል፤ የውጭኛው ሸራ ደግሞ ትናንት ከካርቶኑ የወጣ ይመስል አዲስ ነው።

ሾፌሩ ደንግጦ፤ «ጋሼ፤ ከተቀየረ እኮ ሦስት ወር አልሞላውም። የውስጠኛው ሸራ ሲሠራ ጀምሮ ብልሽት የነበረበት መሰለኝ» አላቸው።

እሳቸውም ፈገግ ብለው፤ «አይደለም ልጄ። ያለቀው ሸራ ጥፋተኛ አይደለም፤ ያለቀው የሠራው ነው። በሽታውን ምንም ሳይሠራ አዲስ ሆኖ በተቀመጠው በኩል ፈልገው» አሉት። ይህ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልቤ አልጠፋም። የዛሬው ጽሑፌም የእርሱ ማብራሪያ ነው።

አስቀድመን የፍሬንን አሠራር እንረዳ። ወደ አገራችን የመጀመሪያው አውቶሞቢል በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ እንደ ዛሬው ያለ በዘይት ግፊት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን አልነበረውም። ፍሬድሪክ ላንቸስተር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የዲስክ ፍሬንን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1902 በፈጠራ መብት ቢያስመዘግብም፣ ነገሩ በሰፊው የታወቀው ከ50 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በፈረንሳይ አገር በለማን በተደረገው የ24 ሰዓት ውድድር የዲስክ ፍሬን የተገጠመላቸው የጃጓር መኪናዎች ባሸነፉ ጊዜ የዓለም ፋብሪካዎች ዐይን ወደዚህ ተመለሰ። ዛሬ በመንገዳችን የምናያቸው አብዛኞቹ ትንንሽ መኪናዎችና ሚኒባሶች ቢያንስ የፊት ጎማዎቻቸው በዲስክ ፍሬን የሚሠሩ ናቸው።

ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ ዋናው የፍሬን ፖምፓ ዘይቱን በቀጭን ቱቦ ወደየጎማው ይገፋዋል። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ የተቀበለውን ግፊት ሳያጓድል ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ያስተላልፋል። ይህንም ሕግ ያስረዳው እ.ኤ.አ. ከ1623 እስከ 1662 የኖረው ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል ነው። እንግዲህ ዘይቱ ለቀኙም ለግራውም ጎማ አያዳላም። ልዩነቱ የሚመጣው ግፊቱ ጎማው ዘንድ ከደረሰ በኋላ ነው።

በጎማው ውስጥ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር የብረት ዲስክ አለ። ከዲስኩ ግራና ቀኝ ሁለት ሸራዎች ቆመው እንደ ጉጠት ከሁለት ወገን ይጨብጡታል። ሸራዎቹን ያቀፈው ብረት ካሊፐር ይባላል። በብዙ መኪናዎች ላይ ዘይቱ የሚገፋው ፒስተን የሚገኘው በካሊፐሩ ውስጠኛ ወገን ብቻ ነው። ታዲያ በውጭ በኩል ያለውን ሸራ ማን ይገፋዋል? በሐዋሳ ሐይቅ ታንኳ የተሳፈረ ሰው የዳሩን ድንጋይ በእጁ ቢገፋ ድንጋዩ አይነቃነቅም፤ ታንኳዋ ራስዋ ወደ ኋላ ትሄዳለች። እንዲሁም ፒስተኑ የውስጠኛውን ሸራ ከዲስኩ ጋር ካገናኘ በኋላ የሚገፋው ስለማይቀርለት፣ ካሊፐሩ ራሱ በሁለት ለስላሳ ፒኖች ላይ ተንሸራትቶ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ የውጭኛውንም ሸራ ስቦ ከዲስኩ ጋር ያገናኘዋል። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ሸራዎች በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬዎች ሸክሙን እኩል ይካፈላሉ።

ነጂው እግሩን ሲያነሣ ደግሞ በፒስተኑ ዙሪያ ያለችው የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒ የሚሏት፣ ተጣማ የነበረችው ተመልሳ ስትቃና ፒስተኑን የፀጕር ውፍረት ያህል ወደ ኋላ ትስበዋለች። ሸራዎቹም ዲስኩን ይለቃሉ። እንግዲህ ጤናማ ፍሬን ማለት ሲያዝ ሁለቱም ሸራዎች እኩል የሚይዙ፣ ሲለቀቅም ሁለቱም እኩል የሚለቁ ማለት ነው። ከሁለት አንዱ ሲጓደል ሸራው ያለ እኩልነት ያልቃል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ የእኩልነቱን መጓደል ምክንያቶች አንድ በአንድ እንመልከት።

አንደኛ፤ የውስጠኛው ሸራ አልቆ የውጭኛው ከተረፈ፣ አብዛኛውን ጊዜ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ተጣብቀዋል። ፒስተኑ የውስጠኛውን ሸራ ይገፋል፤ ካሊፐሩ ግን መንሸራተት ስላልቻለ የውጭኛውን አይስበውም። ስለዚህ አንዱ የሁለት ሥራ ይሠራል። ፒኖቹን ከጭቃና ከውኃ የሚጠብቋቸው ትንንሽ የጎማ ሽፋኖች አሉ። እነርሱ ከተቀደዱ ውኃ ይገባል፤ ብረቱ ይዝጋል። በእኛ ሚኒባስ ላይ የተገኘውም ይኸው ነው። ሸራውን በቀየሩለት ጊዜ ፒኖቹን ሳያጸዱ፣ ለሌላ ብረት የሚሆነውን ተራ ግራሶ ቀብተው ገጥመውት ኖሯል። ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ግራሶ የፍሬን ጎማዎችን ያሳብጣቸዋል። ያበጠው ጎማ ተቀደደ፣ ቀዩ ጭቃ ገባ፣ ፒኑም እንደ ተቸነከረ ሆነ።

ሁለተኛ፤ የውስጠኛው ሸራ የሚያልቀው ፒስተኑ ሄዶ መመለስ ሲያቅተውም ነው። ፒስተኑ ዝጎ ወይም ጎሚኒው ደርቆ እንደ ሆነ ነጂው እግሩን ቢያነሣም ሸራው ዲስኩን አይለቅም፤ መኪናው በሚሄድበት መንገድ ሁሉ እየተፋቀ ይሄዳል። ምልክቱም ያ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ መጋሉ፣ መኪናውም አንድ ነገር ወደ ኋላ የያዘው ይመስል መክበዱ ነው።

ሦስተኛ፤ የውጭኛው ሸራ አልቆ የውስጠኛው ከተረፈ፣ ካሊፐሩ በዘይቱ ኀይል ተስቦ ይመጣል፤ ነገር ግን ፒኖቹ ስለ ከበዱ ወደ ቦታው መመለስ ያቅተዋል። ፒስተኑ ወደ ኋላ ሲመለስ የውስጠኛው ሸራ ያርፋል፤ የውጭኛው ግን ዲስኩን እንደ ተደገፈ ይቀራል።

አራተኛ፤ አንዱ ሸራ ራሱ በአንድ ጫፉ ወፍሮ በሌላው ጫፉ ቀጥኖ እንደ ሽብልቅ ከሆነ፣ ከሁለቱ ፒኖች አንዱ ብቻ ተጣብቆ ካሊፐሩ ጠምዞ ይይዛል ማለት ነው። ወይም የፒኑ ቀዳዳ በልቶ ሰፍቷል። ወይም ደግሞ የሸራው ጆሮዎች በተቀመጡበት ማቀፊያ ውስጥ በዝገትና በጭቃ ተይዘው በአንድ ወገን አልነቃነቅም ብለዋል።

አምስተኛ፤ የቀኝ ጎማ ሸራዎች ሁለቱም አልቀው የግራው ቢተርፉ፣ ወይም የግራው አልቀው የቀኙ ቢተርፉ፣ ምክንያቱ ከሁለቱ ካሊፐሮች በአንዱ ላይ ነው። ሆኖም እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ምናልባት ሸራው ያለቀበት ጎማ ፒስተኑ አልመለስ ብሎ እየጎተተ ይሆናል፤ ምናልባት ግን ሸራው የተረፈው ጎማ ጨርሶ አይዝም ይሆናል። ወደ ጎማው የሚደርሰው የጎማ ቱቦም ሲያረጅ ውስጡ ያብጣል። ፔዳሉ በኀይል ሲረገጥ ዘይቱን ያሳልፋል፤ ሲለቀቅ ግን መመለሻ ይነሣዋል። ከውጭ ሲያዩት ደኅና የሚመስል ቱቦ ስለሆነ ብዙ መካኒክ ሳያስበው ያልፈዋል።

ስድስተኛ፤ ዲስኩ ራሱ ተቦርቡሮ ወይም ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ተለያይቶ፣ ወይም ሲዞር የሚወዛወዝ ሆኖ እንደ ሆነ አዲስ ሸራ ቢገጠምለትም እኩል አይበላውም። የጎማ ብሎኖች አንዱ እጅግ ጠብቆ ሌላው ላልቶ ሲታሰሩም ዲስኩ ከመስመሩ ሊወጣ ይችላል። በአንድ መስመር ባሉ በቀኝና በግራ ጎማዎች ላይ ሁለት ዓይነት ሸራ መግጠምም እኩልነትን ያፈርሳል፤ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ጠጣር ነውና።

ደግሞም ልዩነት ሁሉ በሽታ እንዳይመስላችሁ። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል የፊት ሸራ ከኋላው ፈጥኖ ቢያልቅ የተለመደ ነው። የውስጠኛው ከውጭኛው፣ ወይም የሸራው አንድ ጫፍ ከሌላው በጥቂቱ ቢቀጥን አያስደነግጥም፤ ልዩነቱ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ግን ምክንያት ይፈለግለት። ታምቡር የሚሉት ፍሬን ባላቸው የኋላ ጎማዎች ላይም ከሁለቱ ሸራዎች አንዱ ዙሩ ወደ ራሱ ስለሚስበው ፈጥኖ ያልቃል፤ ይህ የአሠራሩ ጠባይ ነው። የኋላ ሸራ ከፊቱ ቀድሞ ካለቀ ግን በመጀመሪያ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ተይዞ አለመቅረቱን መርምሩ።

ይህ ነገር በእኛ አገር ይልቁንም የሚጠብቀን ስለ ምድራችን ጠባይ ነው። የጌዴኦ ምድር ከ1,500 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። ትልልቆቹ ዛፎች እንሰቱን፣ ዛፉና እንሰቱ ደግሞ ቡናውን እያጠለሉ ተዳፋቱን የሸፈኑበት ይህ ጥንታዊ የአስተራረስ ጥበብ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ሁላችንን አስደስቶናል። ነገር ግን ለዐይን ያማረው ተዳፋት ለፍሬን ፈተና ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚያልፈው አውራ ጎዳና አስፋልት ቢሆንም፣ ከእርሱ ወደየቀበሌው የሚገነጠሉት መንገዶች ብዙዎቹ ቀይ አፈር ናቸው። በዝናም ጊዜ ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ይሆናሉ። በቡና ወቅት ከወናጎ፣ ከይርጋ ጨፌ፣ ከኮቸሬና ከገደብ የሚመላለሱት የጭነት መኪናዎች ቀንና ሌሊት አያርፉም። ጭቃው በፒኖቹና በሸራው ማቀፊያ መካከል ገብቶ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። ከሌላ አገር መጽሐፍ ላይ «በዓመት አንድ ጊዜ ይታይ» የሚል ምክር ብታነቡ፣ ለእኛ መንገድ ከዝናሙ ወራት በኋላ ሁልጊዜ ቢታይ ይሻላል።

ቍልቍለት ስትወርዱም በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ሞተሩ መኪናውን ይያዘው። እግርን በፍሬን ላይ አሳርፎ መውረድ ሸራውን ያቃጥላል፤ ዘይቱንም ያፈላዋል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውኃ የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የመፍሊያው ዝቅተኛ መጠን 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ ውኃ ከሳበ በኋላ ግን ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አያስተላልፍምና ፔዳሉ ባዶ ሆኖ ወለል ይነካል። ያው የሳበው ውኃ ፒስተኑንም ያዝገዋል። ስለዚህ ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ቢለወጥ ይገባል። በፍሬን ዘይት ፈንታ የሞተር ዘይት የሚጨምር ሰው ግን ጎማዎቹን ሁሉ አሳብጦ ፍሬኑን በአንድ ቀን ይገድለዋል።

ወደ ጋራዥ ስትሄዱ፤ «ሸራ ቀይሩልኝ» ብቻ አትበሉ። «ለምን እንዳለቀ ተመልከቱልኝ» በሉ። ያረጁትን አራት ሸራዎች እንዳይጥሏቸው ጠይቁ፤ የቀኝ ውስጥ፣ የቀኝ ውጭ፣ የግራ ውስጥ፣ የግራ ውጭ ብላችሁ በተራ ደርድሯቸው። ማንበብ ለሚያውቅ እነዚያ አራት ሸራዎች የመኪናውን በሽታ የሚናገሩ ደብዳቤዎች ናቸው። አዲስ ሸራ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ይለወጥ። ሲለወጥም የቀኙና የግራው ጎማ አብረው ይለወጡ። ፒኖቹ ወጥተው ይጽዱ፤ የተቀደደው ሽፋን ይቀየር፤ ለፍሬን ጎማ የሚስማማው ግራሶ ብቻ ይቀባ። ካሊፐሩ ሲፈታ በዘይት ቱቦው ላይ አይንጠልጠል። የጎማው ብሎን ሲታሰር በመስቀል አምሳል ትይዩ ትይዩውን ይታሰር። የሸራውን ብናኝ በአየር ማራገፍም መልካም አይደለም። በአንዳንድ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ የተባለው ሳንባን የሚጎዳ ነገር ሊኖር ይችላልና በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ ሕፃናትም ከዚያ ይራቁ።

መኪና የማያሽከረክሩ የቤተሰብ አባላትም የሚያዩትና የሚሰሙት አለ። ፍሬን ሲያዝ የሚጮኽ ቀጭን ፉጨት ካለ፣ ሸራው መድረሱን እንዲያስታውቅ የተሠራው ትንሽ ብረት ዲስኩን ነክቶ ይሆናል። ብረት በብረት ሲፋቅ የሚሰማው ሻካራ ድምፅ ግን ጊዜው ማለፉን ይናገራል። መኪናው ሲቆም ወደ አንድ ወገን ቢስብ፣ የመቃጠል ሽታ ቢመጣ፣ ከጉዞ በኋላ ከጎማዎቹ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ሙቀት ቢረጭ (በእጅ አትንኩት፤ እጃችሁን ከሩቅ አቅርባችሁ አመዛዝኑ)፣ በዘይቱ ዕቃ ውስጥ ያለው መጠን ቢቀንስ፣ ነገሩን ለነጂው ንገሩት። ሕፃን ልጅም ቢናገር «ዝም በል» አይባል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። ማለዳ ሾፌሩን ያስቸኰልሁት ለቅዳሴ ብዬ ነው። ምክንያቱ የተቀደሰ ስለ መሰለኝ ችኰላውም የተቀደሰ መሰለኝ። ነገር ግን ፈታኙ ጌታችንን በመቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ ራስህን ወርውር ባለው ጊዜ ምን መልስ እንደ ተሰጠው፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስሰማው ኖሬአለሁ። መላእክት እንዲጠብቁን እንለምናለን፤ ይገባልም። ይሁን እንጂ የአንድ ሰዓት ምርመራን ንቆ 13 ነፍስ በቍልቍለት ላይ ማውረድ እምነት አይባልም። ለቅዳሴ መድረስ የሚፈልግ ዋዜማውን መነሣት ይችላል።

ስለዚህ ያን ዕለት በጋራዡ በር ላይ ልጁን፤ «አንተ ትክክል ነበርህ፤ እኔ ተሳስቻለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነውና ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ከበደኝ፤ ከወጣ በኋላ ግን ቀለለኝ። እርሱም አንገቱን ደፍቶ፤ «ኧረ መምህር፤ እኔም ጠንክሬ መናገር ነበረብኝ» አለኝ። በሚቀጥለው የሰንበቴ ጉባኤ ነገሩን ሳልሸሽግ ተናገርሁ። ማኅበሩም ከዚህ በኋላ የምንከራየው መኪና ከጉዞው በፊት ባለው ቀን እንዲታይ፣ ስለ መኪናው ጤንነትም የሾፌሩ ቃል የመጨረሻ እንዲሆን ወሰነ።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ እፈጽማለሁ። የሽማግሌው መካኒክ ቃል ወደ ቤቴ ተከትሎኝ መጣ። «ያለቀው የሠራው ነው» ብለው ነበር። በብዙ ቤት አንዱ ደክሞ፣ ከስቶ፣ ቶሎ የሚቈጣ ሆኖ ይታያል፤ ሌላው ረጋ ያለ፣ ፊቱ የበራ፣ ሁሉ የሚያመሰግነው ነው። በቡና ለቀማ ወራት ሌሊት ተነሥታ እንጀራ ጋግራ፣ ቀን ለቅማ፣ ማታ ልጆች የምታስተኛ እናት ብትበሳጭ፣ «ጠባይዋ ተበላሸ» እንላለን። እኛ ግን የደብተር እርማት ሠርተን ጋደም ስንል ጠባያችን መልካም ነው! ያለቀውን ወቅሰን የተረፈውን ከማመስገናችን በፊት፣ ምናልባት መንሸራተት ያቃተው ፒን እኛው ራሳችን እንዳንሆን ብንመረምር ይገባናል። ሐዋርያው ለገላትያ ሰዎች ሸክምን ስለ መጋራት ያስተማረው ለሩቅ ሰው ብቻ አይደለም፤ በአንድ ቀንበር ለተጠመዱትም ጭምር ነው። እኔም ያን ዕለት ማታ እርማቱን ትቼ ሕፃኑን አስተኝቻለሁ።

በሚመጣው ወር በዚሁ ዓምድ እስክንገናኝ በሰላም ያቆየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።